አራት የታጠፈው ቀይ ጨርቅ

መርማሪዋ ስትደርስ አናጺው ከጫካው ጥበቃ ክፍል ጀርባ ባለው ቧንቧ እጁን እየታጠበ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ስንቴ እንደታጠበ እሱም አያውቅ። እጁ ላይ ምንም የለም እኮ! ደም የነካው እጅጌውን ነው፤ ሸሚዙንም ፖሊሶቹ ወስደውታል። ግን የእህቱን ባል የገደለ ሰው ውሃ ምን ያጠራለታል? ያሻል፣ ያሻል፣ ደግሞ ያሻል።

ነገሩ የሆነው ትናንት ጠዋት ነው። ጫካው የሕዝብ ነው፤ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ገብቶ ያድንበታል። አናጺው ምንጩ ያለበት ሸለቆ ውስጥ አድፍጦ ሳለ በጉሙ መሀል ጥሻው ተንኮሻኮሸ። ከርከሮ ነው ብሎ ተኮሰ። ሮጦ ሲደርስ ሣሩ ላይ የተዘረጋው ከርከሮ አይደለም፣ መምህሩ ነው። የታላቅ እህቱ ባል። አባታቸው ሲሞት ትምህርት ቤት ያስገባው፣ ኋላም ጠመንጃ አያያዝ ያስተማረው፣ «ጋሼ» እያለ የሚጠራው ሰው።

ፖሊሶቹ ሲመጡ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት» ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋላቸው። እነሱስ ምን ያድርጉ? ይዘውት ሄዱ። አመሻሽ ላይ እህቱ ጣቢያ መጣች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። በብረቱ መሀል አይታው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ለይተህ ነው የተኮስከው፣ ሳትለይ?»

አንገቱን ደፋ። ትንሽ ጠበቀችው፣ ከዚያ ዞራ ሄደች። ያቺን ጥያቄ ታቅፎ አደረ። ዛሬም ቦታውን እንዲያሳይ ወደ ጫካው ሲያመጡት ጥያቄዋ አብራው መጣች።

መርማሪዋ አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ግራ ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ ናት። እሳት የላሰች ናት ይባላል፤ ስትታይ ግን ገበያ ውላ የደከማት አክስት ነው የምትመስለው። ቢሮዋ ውስጥ በሌለችበት «ቆይ-ቆይ» እያሉ ይጠሯታል። ለምን እንደሆነ አናጺው ወዲያው ገባው።

«ገዳዩ አንተ ነህ የተባልከው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ገዳዩ እኔ ነኝ።»

«ቆይ፣ ቆይ። ሙያህ ምንድነው?»

«አናጺ ነኝ።»

«ታዲያ እንደሱ በለኛ። ገዳይ የሆንከው ከትናንት ወዲህ ነው፤ እሱም ገና አልጸደቀልህም።» ከኪሷ የተቆላ ኦቾሎኒ ዘግና እርጥብ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ጉልበቴ አይታመንም። ክንድህን አውሰኝና ቦታውን አሳየኝ።»

አብረው ገቡ። እሷ ክንዱን ይዛለች፣ እሱ ኦቾሎኒውን ጨብጧል፤ መብላቱም መጣሉም አሳፍሮታል። ከኋላቸው ሻምበል ተከተለ። ሻምበል የጫካው ጠባቂ ነው። ወታደር ቤት ረግጦ አያውቅም፤ በጋ ከክረምት የማያወልቀው የወታደር ካፖርት ስላለው ማዕረጉን የሰጡት አዳኞቹ ናቸው።

ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ አፍ ላይ አንድ ችካል ተተክሏል። ችካሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል።

«ይኼ የማን ነው?»

«የኔ። ትናንት ያሰርኩት ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቦታው ተይዟል ማለት ነው። እዚህ እያንዳንዱ አዳኝ የራሱ ቀይ ጨርቅ አለው፣ ጥጉ ላይ ምልክቱ ይሰፋበታል። ቀድሞ የደረሰ ያስራል፣ ከኋላ የመጣ ሲያይ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ጫካው የሁላችንም ስለሆነ፣ ይቺ ጨርቅ ባትኖር እርስ በርስ ስንጨራረስ…» ቃሉን ሳይጨርስ ወደ ችካሉ ዞረ።

መርማሪዋ እንዳላየች ሆና አሳለፈችለት። «አንተ ስትደርስ እዚህ ችካል ላይ ምን ነበር?»

«ምንም። ባዶውን ነበር። እውነቴን ልንገርዎት፣ ደስ አለኝ። ባለ አንድ ጥርሱ የምንለው ትልቅ ከርከሮ አለ፤ ውሃ የሚጠጣው እዚህ ምንጭ ነው። ሁላችንም እሱን እንመኛለን፣ ጋሼ ግን ሁሌ ቀድሞ ቦታውን ይይዝብናል። ባዶ ሳገኘው ‹ዛሬስ ጋሼን እንቅልፍ ጣለው› ብዬ ሳቅኩ።» ወደ መሬት አየ። «ሳቅኩ እኮ።»

ከቦርሳዋ የላስቲክ ከረጢት አወጣች። ውስጡ ሌላ ቀይ ጨርቅ አለ። አራት ታጥፏል፣ ጠርዝ ከጠርዝ ጥንቅቅ ብሎ ገጥሟል። ጥጉ ላይ በነጭ ክር ትንሽ መጽሐፍ ተሰፍቶበታል።

«የመምህሩ ኮት ኪስ ውስጥ የተገኘ ነው። ትናንት የመጡት ፖሊሶች ‹ማሰር ረስቷል፣ ጥፋቱ የራሱም ጭምር ነው› ይላሉ። አንተስ?»

አናጺው ያቺን መጽሐፍ ማን እንደሰፋት ያውቃል። እህቱ ስትሰፋት አጠገቧ ሆኖ «ዳክዬ ነው ወይስ መጽሐፍ?» እያለ ያናድዳት ነበር። ቶሎ ፊቱን አዞረ። «ጋሼ ወግ ረስቶ አያውቅም። ግን ኪሱ ውስጥ ከተገኘ ምን እላለሁ?»

ሸለቆው ውስጥ ሲገቡ ጥሻው ከፊታቸው ተጋረጠ። ከጥሻው በላይ ሣር የለበሰ ለስላሳ ዳገት አለ፣ ከበታቹ ደግሞ አንድ ጉቶ።

«ጉቶው ላይ ተቀምጬ ወደ ላይ ተኮስኩ። አንዴ ብቻ። እሱን ያገኘሁት ከጥሻው ወዲያ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ ነው።»

«አንዴ ተኩሰህ ምን ምን ሰማህ?»

«የራሴን ተኩስ። ተከትሎም የገደል ማሚቶውን።»

«ቆይ። የምን ገደል?» ዳገቱን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «ሻምበል፣ እስቲ መሣሪያህን ይዘህ ጉቶው ላይ ተቀመጥና አንዴ አፈሩ ላይ ተኩስልኝ።»

ሻምበል ማዕረጉ የሚፈተንበት ቀን የመጣ ይመስል ዓይኑን ጨፍኖ ተኮሰ። ጓ! ወፎች ብር አሉ። ድምፁን ሣሩ ዋጥ አደረገውና ጸጥ አለ። ማሚቶ የሚባል ነገር ዝር አላለም።

«ትናንት ጉም ነበር እኮ» አለ አናጺው፣ ግራ ገብቶት።

«ጉም ድምፅ ያፍናል እንጂ አይወልድም» አለችና እያነከሰች ጥሻውን ዞረች። ከጥሻው ጎን ያለ አንድ ወፍራም ግንድ ጋ ቆመች፣ ጎንበስ አለች፣ ሴንጢ አውጥታ ቅርፊቱን ትፈለፍል ጀመር። አንዲት ትንሽ ነገር ከረጢት ውስጥ ጣል አደረገች። አናጺው አይቷል፣ ግን ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ጥፋተኛ ሰው ጥያቄ መጠየቅ የሚፈቀድለት አይመስለውም።

ሲመለሱ ሻምበል ሳይጠየቅ ተናዘዘ።

«መምህሩ ገና ሳይነጋ ነው የገባው። ጨርቁ እንደ ወትሮው አንገቱ ላይ ነበር። ‹ሻምበል፣ እንዳትተኛ› አለኝ ሲያልፍ።»

«ታዲያስ?»

«ተኛኋ!» ካፖርቱን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ከዚያ በኋላ የጫካው በር ደጋግሞ ሲንሲያጠጥ ሰምቻለሁ፤ ዓይኔን መግለጥ ታከተኝ። ብነሳ ኖሮ እኮ ማን ወዴት እንደሄደ አይ ነበር። እኔ ነኝ የገደልኩት ማለት ይቻላል።»

«ወይ ጣጣ! በዚህ ጫካ ገዳይ ያልሆነ ሰው የለም እንዴ?» አለች መርማሪዋ።

የጥበቃ ክፍሉ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚና አንድ የዛገ ምድጃ ብቻ ነው ያለው። ትናንት ከአናጺው፣ ከመምህሩና ከሻምበል ሌላ ጫካው ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ተጠርተው መጡ። መጀመሪያ የገባችው ፋርማሲስቷ ናት። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናት፤ ቃል እንኳ እንደ ክኒን ቆጥራ ነው የምትሰጠው።

«ባለፈው ሳምንት ከመምህሩ ጋር ተጣልተሻል አሉ።»

«እሱ ነው የተጣላኝ። ጨርቁን ንፋስ ጥሎት ኖሯል፣ ሳላይ ገባሁበት። ስወጣ ሣሩ ውስጥ አገኘሁት። አንስቼ፣ አራት አጥፌ፣ በሁለት እጄ ሰጠሁት። ተቀበለና አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ሰው ፊት ሙልጭ አድርጎ ሰደበኝ። ‹የኋላ ወንበር ተማሪ እንኳ ካንቺ ይሻላል› አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ!»

«ቆይ። ለምን አራት አጠፍሽው?»

ፋርማሲስቷ ሰው እንዴት ይኼን አያውቅም በሚል ዓይን አየቻት። «ወጉ ነዋ! የራስን ጨርቅ አንገት ላይ ነው የሚጠመጥሙት። የሌላ ሰው ጨርቅ እጅሽ ከገባ ግን አራት አጥፈሽ ነው የምትመልሺው። የራሱን የሚያጥፍ የለም፣ የሰውን የሚጠመጥምም የለም። መምህሩ ራሱ ነው ለሁላችንም ያስተማረን፤ እጃችን ሳናዘው ነው የሚያጥፈው።»

መርማሪዋ ኦቾሎኒዋን ማኘክ አቆመች። ከዚያ ቀጠለች። «ትናንት የት ነበርሽ?»

«ሸንተረሩ ላይ። ሁለት ተኩስ ሰማሁ፣ ቆይቶ የአናጺውን ጩኸት። ከዚያ መጣሁ።»

አግዳሚው ጫፍ ላይ የተቀመጠው አናጺ አላስቻለውም። «መጣሁ ትላለች ደግሞ! እኔ ጋሼን አቅፌ ስጮህ እሷ ሸንተረሩ ላይ ቆማ ታፏጫለች! ሰው ሞቶ ፉጨት!»

«አፏጫለሁ እንጂ! ተኩስ የተሰማበት ሸለቆ ውስጥ ሳያፏጭ ዘሎ የሚገባ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ‹እኔ ነኝ፣ ሰው ነኝ፣ አትተኩስ› ነው እኮ ፉጨቱ። አንተም ጠመንጃ ይዘሃል። አፏጨሁ፣ መልስ ጠበቅኩ፣ ዝም ስትል ደግሜ አፏጨሁ፣ ከዚያ እጄን አንስቼ ወረድኩ።» ድምፅዋ ድንገት ቀጠነ። «በዚያ መሀል ስንት ደም ፈሰሰ ይሆን እያልኩ ነው ያደርኩት። አንተ ስለሱ አትነግረኝም።»

አናጺው ምነው አፌን በቆረጠው አለ።

ቀጥሎ ባለ ሉካንዳው ገባ። ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሳቁ ከሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነበር፤ ዛሬ ግን ሳቁን የት እንደጣለው እንጃ። በቀጥታ አናጺውን ሄዶ አቀፈው። ትናንት ጣቢያ ድረስ ዳቦና ሻይ ያመላለሰለት፣ ፖሊሶቹን «እባካችሁ ልጁን አታስጨንቁት» እያለ ሲለምን ያመሸው እሱ ነው።

«እትዬ፣ ድንገተኛ ነገር እኮ ነው» አለ ለመርማሪዋ። «ጉም ነው፣ ጥሻ ነው። ማንም ላይ ሊደርስ ይችላል። መምህሩም ጨርቁን አላሰረም።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«እታች፣ ወንዙ ዳር። ጨርቄ እስካሁን እዚያ ችካል ላይ አለ፣ ልከው ማየት ይችላሉ።»

«ተኩሰሃል?»

«አንድም! ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ጩኸት ስሰማ ሮጥኩ፣ ይኸው ነው።»

«ከሁሉም ቀድሞ የደረሰልኝ እሱ ነው» አለ አናጺው፣ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ሞቅ ብሎ። «ቀና ስል ከበላዬ ቆሟል። ‹ተነስ፣ ሻምበልን ጥራ፣ እኔ አብሬው እቆያለሁ› አለኝ። ወንድም ማለት እንዲህ ነው።»

«ከበላይህ?»

«ጥሻው እሾህ ስለሆነ ዞሬ ነው የመጣሁት» አለ ባለ ሉካንዳው ቶሎ።

«ይሁና» አለችና ኦቾሎኒ ዘረጋችለት። ወሰደ። ሙሉ በሬ በአንድ እጁ የሚገለብጠው ሰው አንዷን ፍሬ አፉ ማድረስ አቅቶት መሬት ላይ ጣላት።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም አንድ ላይ ሰበሰበች። ፋርማሲስቷ መስኮቱ ጋ ቆመች፣ ሻምበል ምድጃውን ተደገፈ፣ ባለ ሉካንዳው አግዳሚው ላይ ከአናጺው ጎን ተቀመጠ። በመጨረሻ አንድ ፖሊስ እህትየውን ይዞ ገባ። አግዳሚው ላይ ቦታ ቢሰጣትም አልተቀመጠችም። አናጺው ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም፤ ጫማዋን ብቻ አየ። ጭቃ ነክቶታል። ጋሼ ቢኖር ጠርጎላት ነበር።

«እኔ ነገር ማርዘም አልወድም» አለች ቆይ-ቆይ፣ ሻምበልም የያዘውን ሳቅ በሳል አሳለፈው። «ከድምፁ እንጀምር። አናጺው አንዴ ተኮሰ፣ ሁለት ድምፅ ሰማ፣ ሁለተኛውን ማሚቶ አለው። ፋርማሲስቷም ሁለት ሰማች። ዛሬ ሻምበልን እዚያው ጉቶ ላይ አስተኩሰነዋል። ማሚቶ የለም። ታዲያ ሁለተኛው ድምፅ የማን ነው?»

መልስ ሳትጠብቅ ቦርሳዋን ከፈተች።

«የሌላ ሰው ተኩስ ነው። አናጺው፣ ያንተ ጥይት ይችውልህ።» ትንሿን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ከጥሻው ጎን ግንድ ውስጥ ተቀርቅራ ነበር። አንተ ከታች ወደ ላይ ነው የተኮስከው። የመምህሩን ኮት አየሁት፣ ሐኪሙንም አነጋገርኩ። የገደለችው ጥይት በትከሻው ገብታ በወገቡ ነው የወጣችው። ከላይ ወደ ታች። አፈር ውስጥ አለች፤ ልጆቼ እየቆፈሩላት ነው።»

አናጺው የሰማውን ለማመን ጊዜ ወሰደበት። እኔ አይደለሁም? ጆሮው ጭው አለ።

«ቆይ፣ ገና ነው» አለች መርማሪዋ፣ የልቡን የሰማች ይመስል። «ወደ ጨርቁ እንሂድ። መምህሩ ኪስ ውስጥ የተገኘው ጨርቅ አራት የታጠፈ ነው። ሻምበል፣ ሲገባ የት ነበር ያልከኝ?»

«አንገቱ ላይ።»

«አንገቱ ላይ። የራሱን የሚያጥፍ የለም ብላችሁኛል። ስለዚህ ያጠፈው ሌላ እጅ ነው። ደግሞ ዘርግቼ አየሁት፤ ከላይ ደርቋል፣ እጥፋቱ ውስጥ ግን እርጥብ ነው። ጉም ጠጥቷል። መምህሩ ማሰር አልረሳም፣ አስሮታል። አንድ ሰው ከችካሉ ፈታው። ሊሰርቅ ነው የፈታው፣ ቦታ ሊሰርቅ። ግን እጁ ለምዷልና፣ እየሰረቀም በወጉ አራት አጠፈው።»

ፋርማሲስቷ በመዳፏ አፏን ያዘች።

«ይኼ ሰው ጨርቁን መልሶ ኪስ ውስጥ ለመክተት ከአስከሬኑ ጋር ብቻውን መሆን ነበረበት። ብቻውን የቀረ ደግሞ አንድ ሰው ነው።»

«እኔን ነው?» ባለ ሉካንዳው ከአግዳሚው ብድግ አለ። «ልጁን የረዳሁ ሰውዬ! ልጁን ያጽናናሁ!»

«አዎ፣ አጽናንተኸዋል። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ተኩስ የተሰማበት ሸለቆ ውስጥ ስትገባ አፏጭተሃል?»

«ሰው እየጮኸ ማን ያፏጫል?»

«እኔ አፏጭቻለሁ» አለች ፋርማሲስቷ፣ በቀስታ።

«እሷ አፏጭታለች፣ ስለሱም ተሰድባለች» አለች መርማሪዋ። «ከውጭ የሚገባ ሰው ያፏጫል። ነፍሱን ስለሚወድ፣ ሳያስበው። አንተ ስንት ዓመት ያደንክ ሰው ነህ። ያላፏጨኸው ለምን እንደሆነ ልንገርህ? ድሮውንም ውስጥ ነበርክ። ውስጥ ያለ ሰው ‹ልግባ› ብሎ ለማን ያፏጫል? ወንዙ ዳር ያለው ጨርቅህ እዚያ ነበርኩ ለማለት የታሰረ ነው። አንተ ግን ዳገቱ ላይ ነበርክ።»

ባለ ሉካንዳው ቆሞ ቀረ። ከዚያ ያ ሁሉ ትከሻ ክምር ብሎ አግዳሚው ላይ ወረደ።

«ጨርቁን ብቻ ነበር የፈታሁት» አለ። «ሁሌ ምንጩ የሱ፣ ሁሌ እሱ ቀዳሚ። አንድ ቀን እንኳ ብዬ ነው። ባለ አንድ ጥርሱን ብጥለው፣ ‹ጨርቅ አልነበረም› ብዬ እከራከረው ነበር። እሱ ሌላኛው ዳር ያለ መስሎኝ ነው። ከታች ተኩስ ሰማሁ። የሆነ ነገር ከጥሻው ወጥቶ ወደኔ ሮጠ። ጉም ነው… ጣቴ ቀደመኝ። ወርጄ ሳይ ልጁ ‹ገደልኩት፣ ገደልኩት› ይላል። ልናገር ነበር። ልጆቼን ይንሳኝ፣ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እሱ ቀድሞ ወሰደልኝ።»

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» አለ ሻምበል፣ ለራሱ።

እህትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ድምፅዋ ወፍሯል። «ታዲያ ዳቦውን ለምን አመላለስክለት?»

ባለ ሉካንዳው ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። «ሲበላ ባየው… ትንሽ ይቀለኝ መስሎኝ።»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አስነሳው። በሩ ጋ ሲደርስ አንዴ ወደ አናጺው ዞረ። ወጣ።

አናጺው ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነስቶለት ነበር። የምሬን ነው፣ ለአፍታ ያህል አየር እንደ ሰው ሳበ። እህቱ ክንዷን ዘርግታ ወደሱ ስትመጣም አየ። ግን «ከታች ተኩስ ሰማሁ፤ የሆነ ነገር ከጥሻው ወጥቶ ወደኔ ሮጠ» የሚለው ቃል ጆሮው ውስጥ ተመልሶ መጣ። ድንጋዩም አብሮ ተመለሰ።

«ቆይ፣ እህቴ» አለና እጁን አነሳ። «ቆይ። ከማቀፍሽ በፊት የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ።»

ቆመች።

«ሳልለይ ነው የተኮስኩት። ጋሼ ‹ዓይንህ ሳያይ ጣትህ አይንቀሳቀስ› እያለ ነው ያሳደገኝ። ጥሻው ሲንኮሻኮሽ ባለ አንድ ጥርሱን እንጂ ሰውን አላሰብኩም። ጥይቴ ግንድ አገኘች፤ ግን ጋሼ ከተደበቀበት የተነሳው እሷን ሽሽት ነው። እኔ ባልተኩስ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ሰውየው ቢገድለውም፣ እኔ ነኝ አስነስቼ የሰጠሁት።»

መርማሪዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሕጉ ላልለየኸው ተኩስ ይጠይቅህ ይሆናል፣ ገዳይ ግን አይልህም።»

«ለሕጉ አይደለም የመለስኩት፣ እትዬ። ለሷ ነው።»

የእህትየው የተዘረጋ ክንድ ቀስ ብሎ ወረደ። አላቀፈችውም፣ አልሄደችምም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቀይ ጨርቅ ትመለከት ጀመር፤ ያቺን ዳክዬ የምትመስል መጽሐፍ። መርማሪዋ ጨርቁን ገፋ አድርጋ አቀረበችው። «ለፍርድ ቤት ስፈልገው አስመጣዋለሁ፤ ወንድምሽንም እንደዚሁ» አለች።

አናጺው አነሳው። መርማሪዋ ስትዘረጋው ተዘበራርቋል። ጠርዙን ከጠርዙ አገጣጥሞ አራት አጠፈው፣ በሁለት እጁም ለእህቱ ሰጣት። እሷ የአዳኞቹን ወግ አታውቅም፤ ማንም ነግሯት አያውቅ። ተቀበለችው፣ ዘረጋችው፣ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው።

«ተነስ» አለችው። «ቤት እንሄዳለን። አሁን የነገርከኝን ለልጆቼም ትነግራቸዋለህ። አንድም ቃል ሳታጎድል።»

ተነሳ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ተከተላት። የጫካውን በር ሊያልፉ ሲሉ ሻምበል ካፖርቱን ሰብስቦ ከኋላ እየሮጠ ደረሰባቸው።

«አንተ! ያንተ ጨርቅ እኮ የምንጩ ችካል ላይ ቀረ። አምጥቼ ልስጥህ?»

አናጺው ዞሮ ጫካውን አየ።

«ተወው፣ ሻምበል። እዚያው ይሁን። ቦታው ተይዟል።»